በእናቴ መሐላ ያገኘሁት ጤና መድን

ወፍራም ሳለሁ መርሳ ከተማ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ማሻ አላህ፣ ተመችቶሻል» ይለኝ ነበር። ስኳሬ አሻቅቦ፣ ጉልበቴ አልሸከም ብሎኝ፣ ከወልድያ ሚኒባስ የምወርደው ሰው ደግፎኝ መሆኑን ግን ማንም ልብ አይልም። በመጨረሻ ወንድሜ ባጃጁን ሸጦ አዲስ አበባ ወሰደኝና ሐኪሞች ጨጓራዬን ቆርጠው አሳነሱት። ስኳሩ ወረደ፤ እኔም ግማሽ ሰው ሆኜ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኬን ቫይታሚን በመርፌ መወጋት፣ ደሜንም በየጊዜው ማስመርመር እንዳለብኝ ተነገረኝ። የልብስ ስፌት ሥራዬን ትቼ እናቴ ቤት ገብቻለሁ፤ ወንድሜም ባዶ እጁን ቀርቷል። የጤና መድን መዋጮ ከየት ይምጣ? የቀረኝ ተስፋ መንግሥት ከሚከፍልላቸው ድሆች ጋር መመዝገብ ብቻ ነበር። ድሃው ማን እንደሆነ የሚለየው ደግሞ የቀበሌው ሕዝብ ነው፤ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ፣ ፊት ለፊት።

የእኔ ተራ ሲደርስ አንድ ጎረቤታችን ተነሳ። «አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ሆዷን ያስቀነሰች ሴት ከመቼ ወዲህ ነው ድሃ የሆነችው?» አለ። ሰው ሳቀ። ረሃብን በሚያውቅ አገር፣ ትንሽ ለመብላት ከፍሎ ሆዱን ያስቀደደ ሰው ቢሳቅበት አይገርምም። እኔን ያንገበገበኝ ሕመሜን አንድም ሰው አለመጠየቁ ነው።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ግን ነገሩን ጨርሶ አላመኑም። ሆድ ለማሳነስ ገንዘብ የሚከፍል ሰው አለ ቢባሉ እንዴት ይመኑ? የገረጣ ፊቴን አዩና ወደ እናቴ ዞሩ።

«እስቲ እርስዎ ይንገሩን። ልጅዎ ምን አግኝቷት ነው እንዲህ የመነመነችው?»

ጎተራችን ውስጥ ማሽላ ነበር። እናቴ በዚህ ዓለም የምትኮራበት ነገር ቢኖር ልጆቿን አጥግባ ማሳደጓ ነው።

«ርቧት ነው» አለች። «ቤቴ እህል የለም።»

«ይምላሉ?»

«ወላሂ።»

ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ተመዘገብኩ፤ መርፌውም ምርመራውም ተሸፈነልኝ።

እናቴ ግን በሐሰት ምላለች። ለመሐላዋ ማካካሻ ድሃ ማብላት እንዳለባት ታውቃለች። እህል አውጥታ ድሃ ብታበላ ደግሞ ውሸታችን ሊታወቅ ነው። ስለዚህ ማብላት ላልቻለ ሰው የተፈቀደውን የማካካሻ ጾም ጀመረች።

በዚያው ሰሞን ጎረቤት ምግብ ያመላልስልን ጀመር። ያ በስብሰባው የተናገረኝ ሰውዬ እንኳ ተጸጽቶ ሚስቱን ገንፎ አስይዞ ላካት። ሴትዮዋ ስበላ ካላየሁ አልሄድም ብላ ፊቴ ተቀመጠች። የእኔ ጨጓራ ከጥቂት ጉርሻ በላይ አይችልም።

«ጨርሽው እንጂ የኔ እህት፣ ርቦሽ የለ እንዴ?» አለችኝ።

እናቴን አየኋት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ገንፎውን ጨረስኩት፤ ሴትዮዋ መርቃኝ ወጣች። ጓሮ ሮጬ ሁሉንም አስመለስኩት።

እናቴ ተከትላኝ መጥታ ጀርባዬን ታሻሽልኝ ጀመር። «አይዞሽ ልጄ» አለችኝ። አፏ በጾም ደርቆ ድምፅዋ በደንብ አይወጣም ነበር።