ሙሉ ሆኖ የሚመለስ ምሳ ዕቃ

እህቴን ስንቴ ለመንኳት! «ለልጅሽ እውነቱን ንገሪያት፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ስላት፣ «ሕፃን ናት፣ ምን ታውቃለች?» ትለኛለች። የልጅቷ አባት የኤልሳልቫዶር ሰው ነው፤ እዚሁ ታስሯል። ለእሷ ግን «ፐርዝ ከተማ ማዕድን ሊሠራ ሄዷል» ተብሏል። ጉድ እኮ ነው! ለልጁ ስልክ የማያስደውል ማዕድን የት አለ?

ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ዝምተኛ ሆነች። ሌሊት ትባንናለች፣ «ሆዴን አመመኝ» ትላለች፣ ምሳ ዕቃዋ እንደወጣ ሙሉውን ይመለሳል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ባዶውን መመለስ ጀመረ፤ እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን ትከሳለች። ትምህርት ቤቱ የምታማክራት ካውንስለር ጋ ቀጠሮ ቡክ አደረገላት። ካውንስለሯ ስለ አባቷ ስትጠይቃት «ፐርዝ ነው» ብላ ዘጋች። ታዲያ ምን ትበል? ያስጠናናትን ነዋ!

አንድ ቅዳሜ ከምኖርበት ከታርኔት ተነሥቼ ሰንሻይን ሰፈር እነሱ ቤት ሄድኩ። ክፍሏን ሳጸዳ ከአልጋው ሥር የሚሰነፍጥ ሽታ መጣ። ጎንበስ ብዬ ብጎትት አንድ ፌስታል ሙሉ ዳቦ፣ ሻግቶ አረንጓዴ ሆኗል።

«ይሄ ምንድን ነው የኔ እናት?»

በእንግሊዝኛዋ፣ ቀስ ብላ፣ «የዳዲ ነው። እስር ቤት ቤተሰቡ ምግብ ካልወሰደለት ይራባል» አለችኝ።

ክው አልኩ። ይሄን ያሰማቻት እናቴ ናታ! ድሮ አባቴ አዲስ አበባ ታስሮ ሳለ በየቀኑ ስንቅ ታመላልስለት ነበር። ያንን ለእህቴ እያወራች፣ «ያ ምስኪን የልጅሽ አባትስ ማን ስንቅ ያቀብለው ይሆን? ስንቅ የሌለው እስረኛ ወዮለት» ስትል፣ ልጅቷ አጠገባቸው ካርቱን ታያለች። በእንግሊዝኛ ስለምትመልስ አማርኛ የማትሰማ መስሏቸዋል! እህቴ ላይ ጮህኩባት። «አሁንስ በዛ! ወይ አባቷ ጋ ትወስጃታለሽ፣ ወይ እኔ እወስዳታለሁ!»

በሳምንቱ ሁለታችንም ይዘናት ሄድን። እስር ቤቱ መግቢያ ላይ ጠባቂዋ ከልጅቷ ጃኬት ሥር ሳንድዊች አግኝታ ወሰደችባት። ልጅቷ እሪ አለች። አባቷ ሲመጣ ግን ለቅሶዋን ትታ ጉንጩን በሁለት እጇ ያዘችና ትክ ብላ አየችው። ወፍሯል።

«ማነው የሚያበላህ?» አለችው በእንግሊዝኛ።

ግራ ገባው። «እዚሁ ይሰጡናል። ቁርስም፣ ምሳም፣ እራትም።»

ወደ እኛ ዞረች። አማርኛ አትሰማም ያልናት ልጅ ጥርት ባለ አማርኛ «ለምንድን ነው ያልነገራችሁኝ?» አለች።