ጥጡ መቼ ነካኝ?

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው በሽታው ከብዶኝ አይደለም፤ ያን ቀን ማንን እንዳታለልኩ በቅጡ ስላልገባኝ ነው።

ኮልፌ ውስጥ በልብስ ስፌት ነው የምተዳደረው። ግራ ክንዴ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ነጣ ያለ ነገር ከወጣ ወራት ሆኖት ነበር። ቋቁቻ ነው ብዬ ከፋርማሲ ቅባት እየገዛሁ ብቀባም ንቅንቅ አላለም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አይታው፣ ዘነበወርቅ ሆስፒታል በቆዳ በሽታ ላይ ጥናት የምታደርግ ሐኪም አለችና እሷ ትይሽ አለችኝ።

ዘነበወርቅ ስትለኝ ልቤ ድንግጥ አለ። እኛ ሰፈር «ዘነበወርቅ ትታከማለች» ከተባለ ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። በቀጠሮዬ ቀን ማስክ አድርጌ፣ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ከታክሲ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ሐኪሟ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ ግን እርግት ያለች ናት። ክንዴን በደንብ አየችና ከሦስት አንዱ ሊሆን ይችላል አለችኝ፤ ፈንገስ፣ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ቆዳ ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ፣ ወይም ሥጋ ደዌ። የእሷ ጥናት እነዚህን የሚመሳሰሉ በሽታዎች ገና ሲጀምሩ መለየት ነው። ሦስተኛውን ከሰማሁ በኋላ ሌላው ወሬዋ አልገባኝም።

ከዚያ ጥጥ አሹላ ያዘች።

«ሥጋ ደዌ የያዘው ቆዳ ሲነካ አይሰማውም። ዓይንዎን ይጨፍኑና የነካሁዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ።»

እዚህ ላይ ነው ጉዴ። በፍርሃት ዓይኔን በደንብ ሳልጨፍን በሽፋሽፍቴ መሀል አጮልቄ አየሁ። ጥጡ ባረፈበት ሁሉ ጣቴን አስከተልኩ። ከጓደኛው እንደሚኮርጅ ተማሪ አንድም ሳልስት ፈተናውን ደፈንኩ። እሷም «ስሜቱ ደህና ነው፤ ሥጋ ደዌ ላይሆን ይችላል» ብላ ጻፈችና ለሌላ ምርመራ ቀጠረችኝ።

እየፈነጠዝኩ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ግን ግራ ገባኝ። ጥጡ ተሰምቶኝ ነበር ወይስ ስላየሁት ብቻ ነው?

ቤት ገብቼ ራሴን ሞከርኩ። የገዛ እጄ የት እንደሚነካኝ አስቀድሜ ስለማውቅ ምንም አልረባኝም። ባለቤቴን ከድርን፣ ምክንያቱን ሳልነግረው፣ በክር ጫፍ ክንዴን እንዲነካኝ ለመንኩትና ዓይኔን ጥርቅም አድርጌ ጨፈንኩ።

«ነካሁሽ» አለ።

ምንም አልተሰማኝም። «ወላሂ በል» አልኩት።

ሳቀብኝ እንጂ አልማለም። ቀልደኛ ነው፤ ሳይነካኝም ነካሁሽ ማለት ያውቅበታል። ደገምነው፤ አሁንም ነካሁሽ አለ፤ አሁንም አልማለም። የሚዋሸኝ ክንዴ ይሁን ባሌ መለየት አቃተኝ።

በማግስቱ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ጣቶቼን አየኋቸው። መርፌ የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ እንጀራዬ እነሱ ናቸው። በበሽታው ከእጄ ሊሄዱብኝ ይችላሉ ብዬ ሳስብ ፈራሁ። ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ ተመልሼ ሄጄ፣ ፊቴ በሃፍረት እየጋለ፣ አጮልቄ ማየቴን ለሐኪሟ ነገርኳት።

አልተቆጣችም። «እንኳን መጡ። በተሳሳተ መልስ እርስዎንም፣ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውንም በሽተኛ ልጎዳ ነበር» አለችኝ።

በዚህኛው ዙር ሻርፕ ዓይኔ ላይ አሰርን። ቀኝ ክንዴን ስትነካኝ ወዲያው አሳየኋት። ከዚያ ግራዬን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ቆየችብኝ። ጥጡን እንደገና እያሾለች መሰለኝ።

«ዶክተር፣ ይጀምሩ እንጂ» አልኳት።

«ጨረስኩ እኮ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ሻርፑን ሳልፈታ አለቀስኩ። እሷ እጄን ይዛ፣ በጊዜ እንደመጣሁ፣ ጣቶቼ ገና እንዳልተነኩ፣ መድኃኒቱን ካላቋረጥኩ እንደምድን አስረዳችኝ። አሁን መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው፤ ልብስም እሰፋለሁ። ያም ሆኖ ፈተናውን የደፈንኩ ቀን እንደዚያ የተደሰትኩት ምን አግኝቼ እንደሆነ ሳስበው ዛሬም ግራ ይገባኛል፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ዓይኔ ታስሮ የተመረመርኩ ዕለት ማታ ሁሉንም ለከድር ነገርኩት። ለአንድ ጊዜ እንኳ አልቀለደም። ክንዴን ያዝ አድርጎ፣

«ወላሂ፣ ሁለቴም ነክቼሽ ነበር» አለኝ።