የተመረቀው ባሌስትራ

ስሙኝማ። እርጥብ ቆዳ ጸሐይ ላይ ሲከረፋ ሸቷችሁ ያውቃል? እኔ ዛሬም ሞያሌ ገበያ ቆዳ ተራ ጋ ሳልፍ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ልጅነቴ ከነዝንቡ ይመጣብኛል። የምጠየፈው ግን ቆዳውን አይደለም። ቆዳው ምን አጠፋ?

አባቴ የድሮ የጦር ሾፌር ነበረ። ስደት አምጥቶ ኬንያ፣ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ጣለው፣ ካምፑ ሲዘጋ ሌላው ተበተነ፣ እሱ የቦረና ልጅ አግብቶ፣ እናቴን ማለቴ ነው፣ እዚሁ ሞያሌ ቀረ። ከጎልቦ፣ ከታች ከቆላው፣ በሽተኛና ወላድ ወደ ሆስፒታል የምታመጣ አንዲት አሮጌ የሕዝብ ላንድሮቨር ነበረች፤ የሚነዳትም የሚጠግናትም እሱ ነበረ፣ ስትቆምም እኛ ግቢ ነበር የምትቆመው።

በበጋ መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው። መኪናዋን ከሥር ተሸክሞ የሚያነጥረው ድርብርብ ብረት፣ ባሌስትራው፣ በየጊዜው ይሰነጠቅ ነበር። መለዋወጫ ከየት ይመጣል? አባቴ የግመል ቆዳ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በረጅሙ ሸንሽኖ፣ ብረቱን በእርጥቡ ጠፍሮ፣ እግሩን ተክሎ ላቡ እስኪንጠባጠብ ይጎትተው ነበር፤ ጸሐይ ሲያደርቀው ጠፍሩ ተኮማትሮ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። «ለምን አይበየድም?» ስለው «ባሌስትራ አይበየድም» ይለኝ ነበር፣ «የተበየደ ባሌስትራ ቆሞ ሲያዩት ያምራል፣ ሲጭኑት ይከዳል።»

ጋና የምንለው ትልቁ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጠፍሩ ይርስና ይላላል፣ ይከረፋል፣ ዝንብ ይወረዋል። እናቴ ሎኮ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ይዛ «አንተ ሰውዬ፣ ግቢዬ ያቆምከው መኪና ነው የሞተ ግመል?» ትለው ነበር።

«የሞተ ግመል ሰው አያደርስም፣ ሎኮ። ይቺ ታደርሳለች።»

አንድ በጋ ላይ የጎልቦ ሰው ሰለቸውና ለአዲስ ባሌስትራ ከየቤቱ ፍየል አዋጣ፣ ያውም የምትታለበውን። የመኪናዋ ኮሚቴ ሊቀመንበር ፍየሎቹን አስጭኖ ናይሮቢ ወርዶ፣ ከርሞ ከርሞ፣ ጥቁር ብልጭልጭ ያለ ባሌስትራ በካርቶን ጠቅልሎ መጣ። «ሙዜ፣ ምፕያ ካቢሳ! አዲስ ከነሽታው!» አለው፣ ስዋሂሊ እየቀላቀለ፣ የአባቴን ትከሻ እየመታ። ሽታው የቀለም ነበር።

አባቴ ብረቱን አገላብጦ ሊያይ ሲል ሽማግሌዎቹ ቀደሙት፤ ወተት ረጩበት፣ መረቁት። እኛ ጋ የተመረቀ ነገር አይፋቅም፣ አይመረመርም፤ ነውር ነው። ሊቀመንበሩ ይሄንን ጠንቅቆ ያውቃል፣ ሽማግሌዎቹንም በራሱ መኪና ያመጣቸው እሱ ነው። ቱ! አባቴ እጁን ሰበሰበ፣ ጠፍሩን በጣጥሶ አዲሱን ገጠመ። እናቴ ያን ግም ቆዳ በእንጨት አንጠልጥላ እየሳቀች እሳት ውስጥ ጨመረችው። እርጉዝ ነበረች፤ በሳምንቱ እንደ ወጉ ልትወልድ እናቷ ጋ ጎልቦ ሄደች።

ስሜን መጻፍ የተማርኩት ያን ሰሞን ነው። መኪናዋ ሥር ገብቼ ባሌስትራው ላይ በሚስማር የመጀመሪያዋን ፊደል ስጭር ቀለሙ እንደ ልጣጭ ተነሳ፤ ሥሩ ዝገት፣ ዝገቱ መሐል የብየዳ ጠባሳ። ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ግን የተመረቀ ነገር ፍቄያለሁ፣ ብናገር የአባቴ ቀበቶ አለ። ጭቃ ለቀለቅኩበትና ዝም አልኩ።

ዝናቡ ሲከብድ «ሎኮን ምጥ ከያዛት ሁለት ቀኗ ነው» የሚል መልእክት መጣ። እኔም ከአባቴ ጋር ሄድኩ። ጭነናት ስንመለስ፣ ጎርፍ የቦረቦረው መሻገሪያ ላይ ከሥራችን ጧ አለና መኪናዋ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች። እናቴ ጮኸች። አባቴ መኪናዋ ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ አየኝ፤ ፊደሌን አይቷታል።

«አውቀህ ነበር?» አለኝ።

አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ጠፍር ፈለገ፣ ጠፍሩን አቃጥለነዋል። ያን የፈራሁትን ቀበቶ ከወገቡ ፈትቶ የተሰበረውን ብረት አሰረበት፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ እየተንፏቀቅን ሞያሌ ገባን። እናቴ ተረፈች። እህቴ ሳታለቅስ ተወለደች፤ በሻሽ ጠቅልለው ለአባቴ ሰጡት።

ዛሬ አስፋልት ገብቷል። እኔም ትምህርቱን ትቼ ፉንዲ፣ መኪና ጠጋኝ፣ ሆኛለሁ፤ አዲስ ነው የተባለ ዕቃ ሁሉ ሲመጣልኝ፣ ማንም ይመርቀው ማን፣ መጀመሪያ በሚስማር እጭረዋለሁ። ያኔ የሚገማው ነገር ሰው ያደርስ ነበር፤ አሁን የሚያብረቀርቀው በዝቷል። ሊቀመንበሩም በየስብሰባው ፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ይመርቁታል። እኔ በልጅነቴ ዝም ያልኩት ቀበቶ ፈርቼ ነው፣ ጥፋቴንም እስከዛሬ ተሸክሜዋለሁ። አንተስ፣ ሊቀመንበር? ያን ጊዜ የሰጠንህን ፍየሎች ቀለም ቀብተን ነበር የሰጠንህ?