አልበሙ ላይ ያለችው እልልታ

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ፓሳዴና ከምትሠራበት የአረጋውያን ቤት እስክትመለስ፣ ማታ ማታ እኔንና ወንድሜን የሚጠብቁን ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ነበሩ። ያኔ ሚድ ሲቲ በሚባል ሰፈር በምትገኘው ጠባቧ አፓርታማችን፣ ከምድጃው በላይ ያለችውን አምፖል ብቻ አብርተው፣ የሽንኩርቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን ያወሩልን ነበር።

ከወሬያቸው ሁሉ የምወደው በርባንክ ከተማ ያጋጠማቸውን ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ፅዳት ሲሠሩ፣ ባለ ባርኔጣ የካንትሪ ዘፋኝ ኮንሰርቱን ላይቭ ለአልበም እያስቀዳ ነበር አሉ። ስለ እናቱ ሲዘፍን፣ ቋንቋው በደንብ ባይገባቸውም፣ መጥረጊያቸውን እንደያዙ በሩ ጋ ቆመው እልልታቸውን አቀለጡት።

«ሰውዬው ዘፈኑን አቁሞ ‹ማናት?› አለ። እልልታዬ እስከ ዛሬ አልበሙ ላይ አለች!»

ወንድሜ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበርና ሳቀ። በኋላ ለብቻችን ስንሆን «ባክሽ፣ ቀደዳ ነው! አባባ ይመጣል የሚሉሽም ያው ነው» አለኝ።

ክው አልኩ። አባታችን አዲስ አበባ ሆኖ ቪዛ ይጠብቅ ነበር። እማዬ ስለሱ ስትጠየቅ ወሬ ነው የምትቀይረው፤ ይመጣል የሚሉኝ እትዬ ብቻ ነበሩ። እልልታዋ ውሸት ከሆነች አባቴም ቀረ ማለት ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ወንድሜ የዘፋኙን ስም ከእትዬ ጠይቆ ሲዲውን ከላይብረሪ ተውሶ መጣ። አንዱ ዘፈን አለፈ፣ አምስተኛው አለፈ፤ ጭብጨባና ፉጨት ብቻ። «ነገርኩሽ አይደል?» ሲለኝ እንባዬ መጣ። ዘጠነኛው ላይ ጊታሩ ዝግ አለና፣ ከሩቅ፣ እልልልል! ዘፋኙ ሳቀ፤ «ማናት እሷ?» አለ፤ ሕዝቡ በጭብጨባ አዳራሹን አናጋው። ወንድሜ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ከፈተው።

«እሰይ! አባባ ይመጣላ!» ብዬ ሮጬ፣ ሽንኩርት ይከትፉ የነበሩት እትዬ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ።

እትዬ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ደጋግመው ጠረጉ።

«ይመጣል፣ የኔ ቆንጆ» አሉኝ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እፎይ ብዬ ተኛሁ።

አባቴ በዓመቱ መጣ። ኤርፖርት ውስጥ ከእማዬም ከእኔም ይልቅ ያለቀሱት እትዬ ነበሩ፤ «ተመስገን! ከልጅቷ ፊት አላሳፈርከኝም!» እያሉ። ያኔ ነገሩ ገርሞኝ ነበር። ዛሬ ራሴ ልጅ ወልጄ ሳስበው፣ እልልታዋን እንጂ የአባቴን መምጣት እሳቸውም እንደኔ አያውቁም ነበር። ያን ዓመት ሙሉ እኔ ስተኛ፣ «ባይመጣስ?» እያሉ ስለኔ ሲፈሩ ያደሩት እሳቸው ናቸው።