ሰባተኛው ረድፍ ላይ ያቆረ ውሃ

ወደ ወደብ ከተማዋ ሔብዓድ የመጣ ባለሀብት ከባሕሩ በፊት የሚያየው ኢድማን ጌሌን ነው። በማስተዋወቂያ ቢሮው አዳራሽ፣ ከትልቁ ጠረጴዛ ራስጌ ቆማ ትጠብቀዋለች። ጠረጴዛው ላይ ወደቡ፣ የሲሚንቶ መጋዘኖቹ፣ የድንጋይ ካባው፣ እስከ ድንበር የሚዘልቀው መንገድ፣ ገና ያልተሠራው የባቡር ሐዲድ ሳይቀር በእንጨትና በፕላስቲክ ተሠርተው ተደርድረዋል። ኢድማን በቀጭን ዘንግ እየነካካች በፈረንሳይኛ ታስረዳለች።

«ከኛ ዘንድ ድንጋይ ሞልቷል፤ ጠጠር ከባሕር ማዶ አናስመጣም» ትላለች። «ከተራራው ጀርባ ደግሞ ቤት፣ ድልድይና ፋብሪካ የሚሠራ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ አለ። ብረቱም ሲሚንቶውም የሚያልፈው በዚህ በር ነው። እናንተ ደግሞ በሩ ላይ ደርሳችኋል። መግባት ብቻ ነው የቀራችሁ።»

እንግዶቹ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ፈገግ ይላሉ። ኢድማን ግን ይህን የምትናገረው ለማሳቅ ብላ አይደለም። የወንድሟ ልጆች ጠጠር መፍጫው ላይ ይሠራሉ። ከዚያ በፊት የጫት መኪና እስኪደርስ ከኒም ዛፍ ሥር ተጋድመው ቀኑን የሚገፉ ጎረምሶች ነበሩ። ወደቡ ለሔብዓድ እንጀራ እንደሆነ ታምናለች።

ከገለጻው በኋላ የኮንቴይነር ሜዳው ይጎበኛል። ሜዳው በአጥር የተከበበ ነው፤ ቢጫ ሰደርያ ሳይለብስ፣ ከእንግዳ ጋርም ሳይሆን የሚገባ የለም። ሌሎቹ የቢሮው ሠራተኞች ጉብኝቱን ይሸሹታል። በሙቀቱ ወራት አስፋልቱ ከጫማ ሥር ይለሰልሳል፣ የኮንቴይነሮቹ ብረት እንደ ምድጃ ይተነፍሳል። ኢድማን ግን ተራዋን ለማንም አሳልፋ ሰጥታ አታውቅም። ትኩሳት ይዟት እንኳ ወጥታለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከነዚህ ኮንቴይነሮች አንዱን አግብተሻል እንዴ?» ይላታል ሹፌሩ ቡሕ፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ።

«አግብቼ ቢሆን ካንተ ይሻለኝ ነበር። እሱ ቢያንስ ዝም ይላል።»

«ዝም ማለቱንስ ይላል። ግን አያቅፍም።»

«አንተስ ከምሳ በኋላ ማንን ታቅፋለህ? የጫት እስርህን አይደል?»

ቡሕ ይስቃል። ሔብዓድ የመጣው ወደቡ ከተሠራ በኋላ ስለሆነ የሚያውቀው ነገር የለም። ኢድማን እንግዶቿን የምታቆምበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ መሆኑን ግን አስተውሏል፤ ሰባተኛው ረድፍ፣ ከባሕሩ በኩል። እዚያ ፎቶ እንዲያነሡ ትጋብዛቸዋለች። እነሱ ክሬኖቹን ሲያነሡ፣ የጫማዋን ማሰሪያ እንደምታስተካክል ሆና ጎንበስ ትልና ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ «ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የዚህ ስፍራ ሰዎች፤ እኛም ወደ እናንተ መጪዎች ነን» ትላለች።

ከአስፋልቱ ሥር የሰፈሯ መቃብር ነበር። ከመቃብሮቹ አንዱ የልጇ የኡባሕ ነው።

ኡባሕ የወተት ጥርሷ መነቃቀል በጀመረበት ዓመት፣ ኸምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ሲነፍስ በትኩሳት ሞተች። ያጠበቻትም የገነዘቻትም ኢድማን ራሷ ናት። ስለዚህ ክብደቷን ታውቃለች። መሞቷን እያወቀች እንኳ ስታነሣት፣ የቅርጫት ያህል በመቅለሏ ደንግጣ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የወደቡ መሐንዲሶች መጡና የዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ተነሣ። ሰዎቹ ወደ ኮረብታው ድንጋያማ ቦታ ተዛወሩ፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ሥራ ተሰጠ። ኢድማን ጨው ማምረቻ ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ሆና ሠርታ ስለነበር ለማስተዋወቂያ ቢሮው ተመረጠች። መቃብሮቹም ይነሣሉ ተባለ። አንድ ቀን ጧት የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ጥቅል በየስሙ ተረከበ። ጥቅል መቀበል የወንዶች ነበር። ኢድማን ግን ከባሏ ከሮብሌ እጅ ነጥቃ ታቀፈችው፤ ወዲያውም ክንዷ ወደ ታች ወረደ።

«ይሄ የልጅ አይደለም» አለች።

«አፈር ይዞ ነው ልጄ» አሏት ሼሁ። «አጥንት ካፈር ጋር ይከብዳል።»

«ነይ፣ ሰው እያየን ነው» አላት ሮብሌ።

ጥቅሉ በአዲሱ መቃብር ተቀበረ። ሮብሌም ከዚያ ብዙ ሳይቆይ የጭነት መኪና መንዳት ጀመረና በድንበሩ ማዶ ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ። ኢድማን ዛሬም በየዓርቡ ወደ አዲሱ መቃብር ትወጣለች፣ ውሃ ትረጫለች፣ ለማታውቀው ሰው ዱዓ ታደርጋለች። «የማን እንደሆንክ አላውቅም» ትለዋለች። «ያንተም ሰዎች የኔን ልጅ አያውቋትም።» ልጇ ያለችው ሰባተኛው ረድፍ ሥር እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ተጠራጥራ አታውቅም። ወደዚያ የሚያስገባት ደግሞ ቢጫው ሰደርያ ብቻ ነው።

ሰደርያው ግን ዋጋ አለው። ሁልጊዜ ከእንግዶቹ መካከል አንዱ፣ «ከዚህ በፊት እዚህ ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ባለሀብት ጥያቄ ያለበት መሬት ይፈራል። የቢሮው መልስ የተወሰነ ነው፤ ኢድማንም እንደ ዱዓ በቃሏ ይዛዋለች።

«ባዶ መሬት ነበር። ጨውና ቁጥቋጦ።»

ይህን ባለች ቁጥር የሚሆን ነገር አለ። ኡባሕ በሕይወት ሳለች ገበያ ሲሄዱ እጅ አትይዝም፤ የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ነበር የምትይዘው። ሲደክማት ትለቃለች፤ ኢድማንም ቀሚሱ ሲቀልላት ዞር ትላለች። አሁን «ባዶ» የሚለው ቃል ካፏ ሲወጣ፣ ቀሚሷ ከኋላ ይቀልላታል። ዞር ስትል የሚታየው የኮንቴይነር በር ነው። እንግዶቹን አመስግና፣ ውሃ አድላ፣ መኪናው ውስጥ ትገባለች። ቡሕ የሚቀልደውን ግማሹን አትሰማውም። ያን ቀን ቤቷ ገብታ እራት አትበላም።

ወደቡን ለማስፋፋት በታሰበበት ዓመት ዝናብ ሔብዓድን ያልተለመደ ጉብኝት ጎበኛት። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። በማግስቱ ጧት የሚመጡት ልዑካን ደግሞ የሚፈሩና የሚጠበቁ ነበሩ፤ ትልልቆቹን ክሬኖች የሚተክለው የቱርክ ኩባንያ ሰዎች ናቸው። የቢሮው ኃላፊ ሙሴ ዋይስ ኢድማንን ገና ከበሩ ላይ ያዛት። ሙሴ ጎረቤቷ የነበረ፣ ጭኗ ላይ ተቀምጦ ያደገ ልጅ ስለሆነ እንደ አክስት ኤዶ ይላታል።

«ኤዶ፣ ዛሬ በአንደኛው በር አስገቢያቸው። መርከቦቹን አሳይተሽ መልሻቸው። ሰባተኛው ረድፍ ውሃ ይዟል።»

«ውሃ ምን ያደርጋቸዋል? ከስኳር ነው የተሠሩት?»

«ኤዶ!»

«ክሬኑ የሚተከለው የት ነው ሙሴ?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ሰባተኛው ረድፍ ላይ ነው። የመሠረቱ ምሰሶስ እስከ የት ይወርዳል?»

«ጥሩ መሬት እስኪያገኝ ነዋ።»

«ጥሩ መሬት» አለች ኢድማን ቀስ ብላ።

ሙሴ በሩን ዘጋው። «ስሚኝ። መቃብሩ ተነሥቷል። በገዛ እጅሽ ተቀብለሽ ቀብረሻል። አሁን አንዲት ቃል ብታመልጥሽ ሰዎቹ ሌላ ወደብ ይሄዳሉ፤ ወደብ እንደሆነ በዚህ ባሕር ላይ ሞልቷል። የሰፈሩን ልጆች ከዚያ በኋላ ምን ትያቸዋለሽ? የወንድምሽን ልጆች ምን ትያቸዋለሽ? ተመልሳችሁ ኒም ሥር ተኙ?»

 እውነቱን ነበር። «እንደ ወትሮው ነው የምለው» አለችው፤ ልትለውም ቆርጣ ነበር። ዝም ካለች ምሰሶው ይወርዳል፤ ከተናገረች ሰደርያው ይወሰዳል። በሁለቱም ልጇን ታጣለች። ቢያንስ የወንድሟ ልጆች ሥራ አይጡ።

የልዑካኑ መሪ ኬናን ቤይ የሚባሉ፣ ቀጭን፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚሄዱ ሽማግሌ መሐንዲስ ነበሩ። ገለጻውን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሙሴ ወደ መርከቦቹ ሊመራቸው ሲል ግን፣ «መርከብ አገሬም አለ። ክሬኑ የሚቆምበትን አሳዩኝ» አሉ በፈረንሳይኛ።

ሁሉም ተከታትለው ሄዱ። ኢድማን ከፊት ነበረች፣ ወደ ረድፉ ስትታጠፍ ግን እግሯ ተገታ። ይህን አይታ አታውቅም። በሔብዓድ ዝናብ የሚዘንበው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ እንግዳ አይመጣም።

አስፋልቱ በየዓመቱ እየሰረጎደ በየዓመቱ የሚለጠፍ ነበር። ሠራተኞቹ የመኪና ክብደት ነው ይሉ ነበር። አሁን የሰረጎደው ሁሉ ውሃ ይዟል። ውሃው እንደ ሌላው ቦታ ተበትኖ አልቆመም። እያንዳንዱ ኩሬ ረዘም ብሎ የጠበበ፣ ሰው የተጋደመ ያህል ነው። ሁሉም ጎን ለጎን፣ በረድፍ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግተዋል። ፊት ቢኖራቸው ሁሉም ወደ ሰሜን፣ ወደ ባሕሩ ባዩ ነበር። ሙስሊም ሲቀበር ፊቱ ወደ መካ ይዞራል፤ መካ ደግሞ በዚያ በኩል ናት። ሰማዩ ስለጠራ እያንዳንዱ ኩሬ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ሰማይ ነበረ። የተነሡትም ሆኑ ያልተነሡት፣ ምድር የያዘችውን ቅርጽ አልረሳችም።

ኢድማን ሳታስበው በዓይኗ ፈለገች። በአንድ ቀን ሰጥመው እዚህ የተቀበሩት ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሁለት ረጃጅም ኩሬዎች፣ እነሆ። ከእነሱ ቀጥሎ፣ አንድ አጭር።

ኬናን ቤይ ሊራመዱ አንድ እግራቸውን አንሥተው ነበር። ወደ ታች አዩ። እግራቸውን ቀስ ብለው መለሱት። አቅጣጫ እንደሚለይ ሰው ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ፣ ከዚያ ባሕሩን፣ ከዚያ እንደገና ውሃውን። ከኋላቸው ያሉት ወጣቶች ጫማቸው እንዳይበሰብስ እየዘለሉ ይሳሳቁ ነበር።

«ከዚህ በፊት እዚህ ምን ነበር?» አሉ ሽማግሌው።

«ባዶ መሬት ነበር ጌታዬ» አለ ሙሴ ፈጠን ብሎ። «ጨውና ቁጥቋጦ።»

«አንተን አልጠየቅሁም። እመቤቲቱን ነው የጠየቅሁት።»

ኢድማን አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ለምዶታል። ገና ሳትናገር ግን የቀሚሷ ጫፍ ከኋላ ከበዳት። ነፋስ አልነበረም። ቀሚሱ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ዞር አላለችም፤ ዞር ካለች የኮንቴይነር በር እንደምታይ ታውቃለች።

«ሰዎች ነበሩ» አለች። «የኛ ሰዎች። አሉም መሰለኝ። እነዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፣ ባሕር የበላቸው። ይህች ትንሿ የኔ ናት። ኡባሕ ትባላለች።»

ወጣቶቹ መዝለላቸውን ተዉ።  ኬናን ቤይ መዳፋቸውን ዘርግተው ለሟቾቹ ከቁርኣን ፋቲሃን ደገሙ፣ ፊታቸውን አበሱ፣ በመጡበት መንገድ የራሳቸውን ዱካ እየረገጡ ወጡ። ለሙሴ አንድ ነገር ብቻ ነገሩት፤ አፈሩ እስኪመረመርና የሟቾቹ ቤተሰቦች ቃል እስኪሰማ ምንም አይተከልም፣ ከዚያ በኋላም ስለመተከሉ ቃል አይገቡም።

ከሰዓት በኋላ ሙሴ ሰደርያዋን ተቀበላት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «የሰፈሩን ልጆች አንቺው ንገሪያቸው» ብቻ አላት። ኢድማንም ነገረቻቸው። የወንድሟ ትልቁ ልጅ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ አስቀምጦ ወጣ። ትንሹ ግን፣ «ኤዶ፣ ኡባሕን እኔ አላውቃትም። ምን ትመስል ነበር?» አላት። ይህን የጠየቃት ሰው ከስንት ዘመን በኋላ እሱ የመጀመሪያው ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቡሕ መኪናውን ደጃፏ አቆመ። ብቻውን አልነበረም፤ ሙሴ ከጎኑ ተቀምጧል። ቡሕ የዛሬን ቀልድ አላመጣም። ሙሴም ወርዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ሕፃን ሳለ ሲያጠፋ እንደሚቆመው።

«አያቴ እዚያ ነው የተቀበረው» አለ። «መቃብሩ ሲነሣ እኛ የመን ነበርን። ጥቅሉን የተቀበለለት የለም።»

«አውቃለሁ።»

«የሱ የትኛው ነበር ኤዶ?»

«ድሮ የኒም ጉቶ ከነበረበት በኩል፣ ከዳር ሁለተኛው። አሁን ባሳይህ ግን አታየውም። ውሃው ይሄኔ ደርቋል።»

ሙሴ ወደ ወደቡ አየ። መብራቶቹ መብራት ጀምረዋል። «ታዲያ እንዴት ላውቀው ነው?»

«ዝናብ ሲመጣ አሳይሃለሁ።»

«ሰደርያ የለሽም። ማን ያስገባሻል?»

«አንተ ነህ የምታስገባኝ» አለች ኢድማን።

ሙሴ ወደ ወደቡ እንደገና አይቶ መኪናው ውስጥ ገባ። መኪናው ሲሄድ ወደ ቤቷ ለመግባት ዞረች። ደፉ ላይ ስትደርስ የቀሚሷ ጫፍ ከበዳት፤ ጫፉን የያዘችው ልጅ እንዳይደክማት እርምጃዋን አሳጥራ ገባች።