አጣቢዋና ጠርሙሱ ላይ ያለው ቃል

ሆቴል ቤት አንሶላ የምታጥበው ጎረቤቴ በስተእርጅና ፊደል ልትቆጥር የጎልማሶች ክፍል ስትገባ ባሏ፣ «አሁን ምን ልታነቢ ነው?» አላት።

«አንተን» አለችው።

ፈጣን ናት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አንድ አንድ ፊደል ስለቅም፣ እሷ ቃሉን በመልኩ አይታ ትጠራዋለች፤ ልክ ሰው ከሩቅ እንደሚለይ።

አንድ ቀን መምህራችን፣ ልጃችን ልትሆን የምትችል ሴት፣ «መልክ ያታልላል» አለችና ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ «የሚበላ»፣ «የማይበላ»።

«ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ቃል እንቆራርጣለን። ይቺ ‹ማይ› መሃል ከተቀመጠች ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል።»

የአጣቢዋ እርሳስ ወደቀ። ፊቷ ከምታጥበው አንሶላ በላይ ነጣ።

«ምነው?» አልኳት።

«አማቴ» አለችኝ። «ለጉልበታቸው መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነበር። ጠዋት ጠርሙሱን አይቼ ‹የሚጠጣ ነው› አልኳቸው። ብርጭቆ ውስጥ ቀድቼ አጠገባቸው አስቀምጬ መጣሁ።»

«እና?»

«አንድ ፊደል ይተርፍ ነበር መሰለኝ።»

ብድግ ብላ ሮጠች። ተከተልኳት። ሩጫ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ፍርሃት ግን ዕድሜ አይጠይቅም። መንገዱን ሙሉ «የ፣ ሚ... የ፣ ማ...» እያለች ታለቅሳለች። ያበደች የመሰለው ሁሉ መንገድ ይለቅላታል።

በራቸው ላይ ስትደርስ እጇ መዝጊያውን መግፋት አቃተው።

«አንተ ግባ።»

«ያንቺ አማት ናቸው» አልኳት።

አብረን ገባን። አሮጊቷ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። አፋቸው ተከፍቷል። ብርጭቆው ባዶ ነው።

«እማማ! እማማ!»

ወዘወዘቻቸው። ምንም። ደግማ ወዘወዘቻቸው። አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን ትነቀንቂኛለሽ፣ ፍሬ አለኝ?»

«ጠጡት?»

«በምላሴ ነካ ባደርገው እሳት! ተፋሁትና የቀረውን ጉልበቴን አሸሁበት። እንቅልፍ ወሰደኝ።»

አጣቢዋ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። አሮጊቷ ግን ጠርሙሱን አንስተው ሰጧት።

«ቆይ፣ ምንድን ነው የሚለው? እስቲ አንብቢው።»

በጣቷ ግማሹን እየሸፈነች ቆራረጠችው። «የ... ማይ... ጠጣ።»

አሮጊቷ ጠርሙሱን መልሰው ተቀበሏት።

«ጠዋት ‹ማይ› የት ሄዳ ነበር?»

«ዋጥኳት፣ እማማ።»

«አንቺ እሷን ዋጥሽ» አሉ ብርድ ልብሳቸውን እየሳቡ፤ «እኔን ደግሞ መሬት ሊውጠኝ ነበር።»