ማንጎው ላይ ያለው ሚስማር

አጎቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የሳር ማጨጃ ማሽን ቢላ ሲስሉ ችኮላ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ሁለቱንም ጫፍ በሞረድ ከሳሉ በኋላ፣ ቢላውን በመሃል ቀዳዳው በኩል ግቢያችን ካለው የማንጎ ዛፍ ላይ በመቱት ሚስማር ያንጠለጥሉታል። አንዱ ጫፍ ከብዶ ካዘቀዘቀ ያንን ወገን ጥቂት ሞርደው መልሰው ይሰቅሉታል። ባሮ ዳር ካሉት የእንግዳ ማረፊያዎች ማሽን ይዘው የሚመጡት፣ "አባባ፣ ተሳለ እኮ፣ ይበቃል!" ሲሏቸው፣ "እሱን ለእኔ አትንገሩኝ፤ ሚስማሩ ይበቃል ይበል" ይሉ ነበር። እኔም በጋምቤላ ሙቀት ተማርሬ ስንቴ ተነጫንጬባቸዋለሁ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ዝናቡ ገባ፤ ሳሩ ግቢውን ዋጠው። ቢላውን ራሴ ሳልኩና ሚስማሩ ላይ ሳልሰቅለው ከማሽኑ ጋር አሰርኩት። ማሽኑ ገና ሲነሳ እጄን እስከ ትከሻዬ አንቀጠቀጠኝ። አጠፋሁት። ፈትቼ፣ እያፈርኩ፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። አንዱ ጫፍ ወዲያው ወረደ። ሞረድኩ፣ ሰቀልኩ፣ እንደገና ሞረድኩ። በመጨረሻ ሁለቱም ጫፍ እኩል ሆኖ ቢላው ጸጥ አለ።

"አጎቴ፣ ይኸው ሚስማሩ ይበቃል አለ!" ብዬ ዞርኩ።

በርጩማቸው ላይ የማንጎ ቅጠል ረግፎበታል።